የአርጀንቲናዎቹ «ቼ»፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስፓኒሽ የሚማሩ፣ ኳስ የሚከታተሉና ከላቲን አሜሪካ ሰዎች ጋር አብረው የሚሰሩ ወገኖች ስለዚህች ቃል ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ፤ ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ቼ» ምን ማለት ነው?

ለብቻው ትርጉም የለውም። ሰው መጥሪያ ነው፣ ጆሮ ማስከፈቻ ነው፣ መገረሚያ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ንግግር ማለስለሻ ብቻ ነው። የኛን «ስማ»፣ «እንዴ»፣ «አቦ» አስቡ። አንድ የውጭ ሰው መጥቶ «አቦ ምን ማለት ነው?» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? የድሬዳዋ ልጅ እንኳን ቆም ብሎ ያስባል። ግን መቼ እንደሚባል፣ ማን ለማን እንደሚለው፣ በምን ዓይነት ድምፅ ሲባል ቁጣ እንደሚሆን ጠንቅቆ ያውቃል። ቼም እንደዚያው ነው።

የስፔን የቋንቋ አካዳሚ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቷል። እዚያ የተሰጠው ፍቺ ሰውን ለመጥራት፣ ለማስቆም ወይም ትኩረቱን ለመሳብ፣ ደግሞም መገረምን ለመግለጽ የሚባል ቃል ነው የሚል ነው። ልክ ነው፣ ግን ዋናውን ነገር አይነግራችሁም። ቼ የቅርበት ቃል ነው። የሚጠራችሁ ሰው በመሃላችሁ አጥር እንደሌለ እየነገራችሁ ነው።

አነባበቡስ?

ልክ በፊደላችን እንደተጻፈው ነው፦ ቼ። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ አይቸገርም። አጭር ነው፣ ሲያማርሩበት ወይም ከሩቅ ሲጣሩበት ብቻ ይጎተታል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስፓኒሽ ውስጥ «ቼ» የፊደል ስምም ነበር። ሁለት ፊደሎች ተጣምረው እንደ አንድ ይቆጠሩና ቼ ይባሉ ነበር፣ በ2010 የወጣው የአጻጻፍ ደንብ ከፊደል ገበታው አወጣቸው። ስለዚህ የቆየ የስፓኒሽ መማሪያ ላይ ቼ የሚል ካያችሁ ስለዚህ ቃል ላይሆን ይችላል።

ስፓኒሽ የሚናገር ሁሉ ይለዋል?

አይልም። ዋናው ቤቱ አርጀንቲናና ኡራጓይ ነው። ፓራጓይና ከፊል ቦሊቪያም ይሉታል። ደቡብ ብራዚል ውስጥ ሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል በሚባለው ግዛት፣ ቋንቋቸው ፖርቱጊዝ ሆኖ ሳለ፣ ይህችኑ ቃል ይናገሯታል። ከውቅያኖሱ ማዶ ደግሞ ስፔን ውስጥ የቫሌንሲያ ሰዎች አሏት።

ከዚህ ውጭ ያለው የስፓኒሽ ዓለም ቃሉን ያውቀዋል እንጂ አይናገረውም። እንዲያውም ቺሌዎች አርጀንቲናዊን ራሱን «ቼ» ይሉታል። ሞንቴቪዲዮ ከሄዳችሁ ደግሞ ከቼ ጎን «ቦ» የሚል ሌላ መጥሪያ ትሰማላችሁ። እሱ የኡራጓይ መታወቂያ ነው፤ አርጀንቲና ውስጥ ብትሉት ወዲያው ሁለቱን ሀገሮች ከሚለየው ወንዝ ማዶ የመጣችሁ ይመስላቸዋል።

ዓረፍተ ነገር ውስጥ የት ነው የሚገባው?

መጀመሪያ ላይ ከገባ መጥሪያ ነው። «ቼ፣ ቬኒ» ካሏችሁ «ስማ፣ ና እስቲ» ነው። መጨረሻ ላይ ሲመጣ ግን ማንንም አይጠራም፣ የተባለውን ነገር ያሞቀዋል። «ኬ ካሎር፣ ቼ» ማለት «ሙቀቱ እኮ!» እንደማለት ነው። ብቻውን ወይም «ፔሮ ቼ!» ተብሎ ሲመጣ ደግሞ ወቀሳ አለበት፣ «ኧረ እንዴ!» ነው።

ይህ የገባኝ ከመማሪያ አይደለም። ማድሪድ ውስጥ ምግብ ቤት ስሰራ ኩሽና ውስጥ አንድ የቦነስ አይረስ ልጅ ነበር። የምሳ ግርግር ሲያልፍ ቴርሞሱን ብብቱ ስር ሸጉጦ ይመጣል፣ ከጭብጥ በማትበልጥ ቅል ውስጥ ማቴ የሚሉትን ደረቅ ቅጠል ይሞላና ሙቅ ውሃ በቀስታ ያፈስበታል። ውሃው መፍላት የለበትም፣ ቅጠሉ ይቃጠላል ይላል። አንድ ቅል፣ አንድ የብረት መምጠጫ፣ ሰው ሁሉ በየተራ። የመጀመሪያውን ቀን ቅሏን ሰጠኝ፣ ጠጣሁና እያመሰገንኩ «ግራሲያስ» ብዬ መለስኩለት። ከዚያ በኋላ ዘለለኝ። ሁለት ዙር አለፈኝ። ለካ በማቴ ሥርዓት ቅሏን ስትመልስ «ግራሲያስ» ካልክ በቃኝ ማለትህ ነው! እኔ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለምጄ ገና ሁለተኛውን እየጠበቅኩ ነበር። ሲገባው ሳቀና ቅሏን እንደገና ሞልቶ «ቼ፣ ኬሬስ?» አለኝ። «ትፈልጋለህ?» ማለቱ ነው። እዚያች ቼ ውስጥ ይቅርታም፣ ወዳጅነትም፣ «ለምን አልነገርከኝም» የሚል ቀላል ወቀሳም ነበረባት።

ቼ ጉቬራ ስሙ ነው ወይስ ቅጽል?

ቅጽል ነው። ስሙ ኤርኔስቶ ጉቬራ ነው፣ በ1928 አርጀንቲና ሮሳሪዮ ከተማ የተወለደ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ጓቴማላ ውስጥ ከኩባ ስደተኞች ጋር ተዋወቀ። ሰውየው በየንግግሩ መሃል ቼ፣ ቼ ስለሚል እነሱ ደግሞ ቃሉ አዲስ ሆኖባቸው በዚያው ጠሩት። በ1955 ሜክሲኮ ላይ ከፊደል ካስትሮ ጋር ሲገናኝ ቅጽሉ አብሮት ነበር። እኛም ሰፈር ውስጥ «አቦ» የሚያበዛውን የሐረር ልጅ አቦ ብለን እንጠራው የለ? ያው ነው።

ስሙን እንዴት እንደወደደው የሚያሳየው የኩባ ብሔራዊ ባንክ ፕሬዚዳንት ሆኖ ያደረገው ነገር ነው። የሀገሪቱ የገንዘብ ኖቶች ላይ «ቼ» ብሎ ብቻ ፈረመ። በገንዘብ ላይ የሰፈር መጠሪያ! እኛ ሀገር ስሙ የገባው በተማሪዎቹ እንቅስቃሴ ዘመን ነው፣ «ፋኖ ተሰማራ» ሲዘመር ከሆ ቺ ሚን ጎን የተጠራው እሱ ነበር። አልቤርቶ ኮርዳ በ1960 ያነሳው ባለ ቆብ ፎቶ ደግሞ ታክሲያችን ላይም ቲሸርታችን ላይም አለ። ብዙ ሰው ግን ያ ስም «አንተ!» ወይም «ስማ!» እንደማለት መሆኑን አያውቅም፣ ለዚህም ነው ይህ ጥያቄ የሚበዛው።

ቼ ካልኩ በኋላ «ቱ» ልበል «ቮስ»?

ቮስ። ይሄ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። የስፔን መማሪያ «አንተ» ለማለት «ቱ» ያስተምራል፣ አርጀንቲናና ኡራጓይ ግን በአብዛኛው «ቮስ» ነው የሚባለው፣ ግሱም አብሮ ይለወጣል፦ «ቲዬኔስ» የነበረው «ቴኔስ»፣ «ቤን» የነበረው «ቬኒ» ይሆናል። ጉልበቱ የሚያርፈው መጨረሻው ላይ ነው። ቼ ብላችሁ በቱ ግስ ከቀጠላችሁ ጆሮ ላይ አይገጥምም።

ለማድመጥ ጥሩ ምሳሌ ሜሲ ነው። በ2022 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ከኔዘርላንድ ጋር ተጫውተው ሲጨርሱ ቃለ መጠይቅ ላይ ቆሞ ሳለ ወደ ጎን ዞሮ «ኬ ሚራስ፣ ቦቦ? አንዳ ፓ አሻ» አለ። «ምን ታያለህ አንተ ጅል? ሂድ ወደዚያ» ነው። ደግማችሁ ስሙት። «ሚራስ» ሲል «ራስ» ላይ ይረግጣል፣ «አንዳ» ሲልም «ዳ» ላይ። «ወደዚያ» የሚለውን ቃል ስፔኖች «አያ» የሚሉትን እሱ «አሻ» ይለዋል። አሥራ ሦስት ዓመቱ ላይ ወደ ባርሴሎና ሄዶ እዚያ ያደገ ሰው ነው፣ አነጋገሩ ግን ከሮሳሪዮ አልወጣም።

ቮስ ራሱ ታሪክ አለው። ድሮ ስፔን ውስጥ የአክብሮት አጠራር ነበር። እየቆየ ክብሩ ወረደና አርጀንቲናና ኡራጓይ ላይ የጓደኛ ሆነ። «አንቱ» ወርዶ «አንተ» ቢሆን እንደማለት አስቡት።

ለማን ይባላል? ለማን አይባልም?

ለወንድም ለሴትም ይባላል፣ አይለወጥም። ለብዙ ሰውም ያው ነው፣ «ቼ፣ ቺኮስ» ካሉ «ልጆች፣ ስሙ እስቲ» ነው። ልጅ እናቱን «ቼ፣ ማ» ይላታል፣ ማንም አይቆጣውም። አማርኛ ላይ ልጅ እናቱን «አንቺ» እንደሚላት ቁጠሩት።

አንቱ ለምትሉት ሰው ግን አይሆንም። ለማያውቁት ሽማግሌ፣ ለዳኛ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ለፖሊስ አትበሉ። ስድብ አይደለም፣ ግን ድፍረት ነው። እኔ የምከተለው መለኪያ ቀላል ነው፦ በአማርኛ «ስማ!» ብዬ የማልጠራውን ሰው ቼ አልለውም።

ቃሉ ከየት መጣ?

እዚህ ላይ የሚከራከሩት ብዙ ናቸው፣ ክርክሩም አልተዘጋም። በብዛት የሚነገረው ከማፑቼ ሕዝብ ቋንቋ መጣ የሚለው ነው። በነሱ ቋንቋ «ማፑ» ምድር፣ «ቼ» ሰው ነው፣ ማፑቼ ማለት የምድሩ ሰው። ደስ የሚል ትርጉም ነው፣ «ሰውዬ!» ብሎ መጥራት እኛም ጋ ስላለ ለማመን ይቀላል። አንድ ችግር ግን አለ። ማፑቼዎች በብዛት ያሉት ቺሌ ውስጥ ነው፣ ቺሌዎች ደግሞ ቼ አይሉም።

ሌላው ከጓራኒ ቋንቋ ነው የሚለው ነው፣ እሱን ፓራጓይ ላይ እመለስበታለሁ። ጣሊያኖች አመጡት የሚሉም አሉ፣ ምክንያቱም የቦነስ አይረስ አነጋገር በጣሊያን ስደተኞች ተሞልቷል። ይሄኛው በጊዜው አይሄድም። ጣሊያኖቹ በብዛት የጎረፉት ከ1870ዎቹ ወዲህ ነው፣ ከዚያ በፊት በ1830ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ስለ ቦነስ አይረስ ቄራ በተጻፈ ታሪክ ውስጥ ሥጋ ቆራጩ አንዲትን ሴት «ቼ» ብሎ ሲያባርራት እናገኛለን። ቃሉ እነሱ ሳይመጡ መንገድ ላይ ነበር።

እኔን የበለጠ የሚያሳምነኝ ከራሱ ከአሮጌው ስፓኒሽ የሚለው ነው። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔኖች ሰው ሲጠሩ «ጼ!» ወደሚለው የቀረበ ድምፅ ያሰሙ ነበር። የቫሌንሲያዎቹ ቼ መኖሩ ይህን ያግዛል፤ ከደቡብ አሜሪካ ቋንቋዎች ብቻ ቢመጣ ኖሮ የሜድትራንያን ዳርቻ ላይ ምን ይሰራል?

ፓራጓይ ውስጥ የሰማሁት ሌላ ይመስላል፣ ለምን?

ሌላ ስለሆነ ነው። ፓራጓይ ውስጥ ጓራኒ ከስፓኒሽ እኩል የመንግሥት ቋንቋ ነው፣ የ1992ቱ ሕገ መንግሥት አጽንቶታል። በጓራኒ ደግሞ በላቲን ፊደል ልክ እንደ ቼ የሚጻፍ፣ ሲነበብ «ሼ» የሚሆን ቃል አለ። «እኔ» ወይም «የኔ» ማለት ነው። «ሼ ሲ» እናቴ፣ «ሼ ሮጋ» ቤቴ ነው። ስለዚህ አንድ ፓራጓያዊ ይህችን ቃል አስቀድሞ «አሚጎ» ሲላችሁ «ስማ ወዳጄ» ሳይሆን «የኔ ወዳጅ» እያላችሁ ሊሆን ይችላል። «የኔ ጌታ»፣ «የኔ እናት» ለምንል ሰዎች ይሄ ቅርብ ነው።

የቫሌንሲያ ክለብ ለምን «ሎስ ቼ» ይባላል?

ከላይ እንዳልኩት የቫሌንሲያ ሰው ቼ ስለሚል። የአካባቢው መለያ ሆነና ለክለቡም ለደጋፊውም መጠሪያ ሆነ። ከአርጀንቲናዊ ተጫዋች የመጣ አይደለም፣ ብዙ ሰው ግን አርጀንቲናዊው ማሪዮ ኬምፔስ እዚያ ስለተጫወተ እንደዚያ ይመስለዋል።

«ቼ ቦሉዶ» ስድብ ነው?

ነውም አይደለምም፣ ይህን ሳታውቁ አፋችሁ ላይ አታምጡት። የቦሉዶ ሥሩ የወንድ ቆለጥ ነው፣ ትርጉሙ ደደብ፣ ጅል። ነገር ግን የቦነስ አይረስ ወጣቶች ጓደኛቸውን የሚጠሩበት ቃል ሆኗል። «ቼ ቦሉዶ፣ ቴ ሻሜ አሼር» ካለ «አንተ እብድ፣ ትናንት እኮ ደወልኩልህ» ነው። አማርኛ ላይ «አንተ እብድ»፣ «አንተ ጀዝባ» በፍቅር ይባል የለም? ያው ነው። ገጣሚው ኹዋን ኼልማን በ2013 አርጀንቲናን የሚወክል አንድ ቃል ምረጥ ሲባል የመረጠው ይህንኑ ነው።

ልዩነቱ ያለው ድምፁና ዝምድናው ላይ ነው። መኪና ውስጥ ሆኖ መስኮት ዝቅ አድርጎ «ቦሉዶ!» ያለ ሾፌር ሰድቧችኋል። ሁለት ወር አብራችሁት የሰራችሁት ልጅ እየሳቀ ካላችሁ ደግሞ ወዳጅነት ተጀምሯል። እናንተ ቀድማችሁ አትጀምሩት። እነሱ ይበሏችሁ፣ ደጋግመው ይበሏችሁ፣ ከዚያ በኋላ ትደርሱበታላችሁ። ለቼ ይህን ያህል ጥንቃቄ አያስፈልግም።

ሜክሲኮዎችም «ቼ» ሲሉ እሰማለሁ፣ ያው ነው?

በፍጹም። የሜክሲኮው «ፒንቼ» ከሚለው ቃል ተቆርጦ የቀረ ነው። ፒንቼ ሻካራ ቃል ነው፣ «የተረገመ» ወይም «ርካሽ» ወደሚለው ይጠጋል። ከሰው ስም ወይም ከዕቃ ስም በፊት ይገባና ያጣጥለዋል፣ በጓደኛሞች መሃል ግን እንደ ቀልድ ያልፋል። መለያው ይህ ነው፦ አርጀንቲናዊው ቼ ካለ በኋላ ቆም ይላል፣ ሜክሲካዊው ግን ከቀጣዩ ስም ጋር አጣብቆ ያልፈዋል።

ኩባ የተማሩ ዘመዶቻችን ለምን ቼ አይሉም? ቨርጂኒያ ያሉት ሳልቫዶሮችስ?

ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባለው ደሴት ተምረዋል። ስፓኒሹን እንደ ውሃ የሚጠጡት ናቸው፣ ግን የተማሩት የኩባውን ነው። የኩባ ሰው ጓደኛውን «አሴሬ» ነው የሚለው። ሰላምታቸው «ኬ ቦላ፣ አሴሬ?» ነው። ቼ እነሱ ዘንድ የአንድ ሰው ስም ነው፣ መጥሪያ አይደለም። ኩባ የተማረ አጎት ካላችሁ ዛሬ ደውላችሁ «ኬ ቦላ፣ አሴሬ?» በሉትና ድምፁን ስሙ።

ዲሲና ቨርጂኒያ አካባቢ አብረናቸው የምንሰራው ሳልቫዶሮች ደግሞ «ቮስ» ይላሉ፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ቼም የሚሉ ይመስለዋል። አይሉም። እነሱ ሰው ሲጠሩ «ሚራ፣ ቮስ» ይላሉ። «ቼሌ» ሲሉ ከሰማችሁ ቀይ ወይም ነጭ ሰው ማለታቸው ነው፣ ከቼ ጋር አይገናኝም። ሳልቫዶሩን የሥራ ባልደረባችሁን ቼ ብትሉት ይገባዋል፣ ግን አርጀንቲናዊ እያስመሰላችሁ ይመስለዋል።

ፈረስ ላይ «ቼ!» ከምንለው ጋር ዝምድና አለው?

የለውም፣ መገጣጠም ነው። የኛ ቼ ፈረስ ማስጋለቢያ ነው፣ የነሱ ሰው መጥሪያ። ጋውቾ የሚባሉት የአርጀንቲና ሜዳ ፈረሰኞች ስላሉ ከፈረስ ጋር የሚያያይዘው ሰው ብዙ ነው፣ ይገባኛል። አፍ ላይ ቀላልና ጆሮ ላይ ስለታም የሆነ ድምፅ ስለሆነ በሁለት ዳርቻ ሁለት ሥራ አገኘ።

ስተረጉም አማርኛው ላይ ምን ልበለው?

አንድ ቃል ፈልጋችሁ በየቦታው ካስገባችሁት ትሳሳታላችሁ። የፊልም ትርጉም ጽሑፍ ላይ ሁሉንም «ሄይ» ብለው ሲሞሉት አያለሁ፣ ያናድደኛል። ሄይ አጥር ያለበት ጥሪ ነው። ቼ አጥር የለውም። መጀመሪያ ማን ለማን እንደሚናገር እዩ። እናት ለልጇ ከሆነ «ስማኝማ» ወይም «ስሚኝማ» ይበቃል። ጓደኛ ለጓደኛ ከሆነ «አቦ»፣ «በናትህ»፣ «አንተ» እንደየቦታው። መጨረሻ ላይ የመጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ «እኮ» ይሸከመዋል፣ ወይም ጭራሹን ይተዉታል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። «ቼ፣ ኖ ቴ ባሻስ» የሚል ሰው አለ፣ እንግዳው ጫማውን እያሰረ ነው። ቃል በቃል «ቼ፣ አትሂድ» ነው። አማርኛ ላይ እንደዚያ ብትጽፉት ትእዛዝ ይሆናል፣ ሰውየው ግን እየለመነ ነው። እኔ «ኧረ ቁጭ በል በናትህ» አልኩት። አንድ ወዳጄ የድሬ ልጅ አነበበውና «አቦ ወዴት ነው!» አድርገው አለኝ። የሱን አስገባሁት።